ልጅዎ ግራፉን በቃላት መግለጽ ይችላል?

በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምር የውጭ ዩኒቨርሲቲ ለማመልከት ያሰበ ወጣት ብዙ ጊዜ አይልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና እንዲወስድ ይጠየቃል። የመፈተኛው ክፍያ ቀላል አይደለም። ልጁ ከሚዛን ተፈሪ ወይም ከቴፒ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚፈተን ከሆነ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው የመንገዱ ወጪና የማደሪያው ይጨመርበታል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከ9 ነጥብ ቢያንስ 6 ወይም 6.5 ይፈልጋሉ፤ ውጤቱም የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው። ግማሽ ነጥብ ጎደለ ማለት ከቡናው ሽያጭ የተቆጠበው ገንዘብ ወጥቶ እንደገና “ሀ” ተብሎ ይጀመራል ማለት ነው።

ይህች ግማሽ ነጥብ ከምትጎድልባቸው ቦታዎች አንዱ ጽሑፍ ነው። የጽሑፍ ፈተናው 60 ደቂቃ ሲሆን ሁለት ጥያቄዎች አሉት። ለመጀመሪያው 20 ደቂቃና ቢያንስ 150 ቃላት፣ ለሁለተኛው 40 ደቂቃና ቢያንስ 250 ቃላት ይመደባሉ። የሁለተኛው ነጥብ የመጀመሪያውን እጥፍ ይሆናል። ለዩኒቨርሲቲ በሚሰጠው ዓይነት የመጀመሪያው ጥያቄ ግራፍ፣ ሠንጠረዥ፣ ካርታ ወይም የአሠራር ሂደት አቅርቦ “ያየኸውን ግለጽ” ይላል። ጠቅላላ በሚባለው ዓይነት ግን በግራፉ ፋንታ ደብዳቤ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ወላጅ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው “የምትፈተነው የትኛውን ነው?” ብሎ ነው።

ከግራፎቹ መካከል በብዛት ከሚታዩት አንዱ ባር ግራፍ ነው፤ ጎን ለጎን የቆሙ ዓምዶች ያሉበት ሥዕል። ልጆቻችን በሒሳብ ትምህርት ያውቁታል። ችግሩ የሚመጣው በቃላት ግለጹት ሲባሉ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ ጎበዝ ተማሪ እንኳ አንድ አንቀጽ በእንግሊዝኛ ሳይጽፍ ትክክለኛውን መልስ እያጠቆረ ሊያልፍ ይችላል። አፉን በቤንች፣ በሸኮ፣ በሸካቾ ወይም በካፋ ቋንቋ ለፈታ ልጅ ደግሞ እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ከአማርኛ ቀጥሎ የሚመጣ ሦስተኛ ቋንቋ ነው።

አራት ዓምዶች

ሁላችንም የምናውቀውን ቁጥር እንውሰድ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህን በወረቀት ላይ አራት ዓምድ አድርገው ይሣሉና ልጅዎን “ምን ታያለህ?” ይበሉት።

ብዙዎች ዓመቶቹን አንድ በአንድ መቁጠር ይጀምራሉ። ይህ ቁጥሩን መልሶ መጻፍ ነው እንጂ መግለጽ አይደለም። ፈታኙ መጀመሪያ የሚፈልገው አጠቃላይ እይታውን ነው፦ “የማለፍ ምጣኔው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሞላ ጎደል ባለበት ቆይቶ፣ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በግልጽ አድጓል።” ይህ ዓረፍተ ነገር የሌለበት ጽሑፍ ቃላቱ ቢያምሩም ከፍ ያለ ነጥብ አያገኝም። ቀጥሎ ማነጻጸሪያው ይመጣል፦ “ዝቅተኛው 3.2፣ ከፍተኛው 8.4 ነው፤ የመጨረሻው ዓምድ ከመጀመሪያው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው።”

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከ5.4 ወደ 8.4 ሲኬድ ጭማሪው “3 በመቶ” አይባልም፤ 3 የመቶኛ ነጥብ ነው። በመቶኛ ከተሰላ እድገቱ ከ55 በመቶ ይበልጣል። ሁለቱን ያምታታ ተፈታኝ ቁጥሩን አጣመመ ማለት ነው።

የዓምዱን ቁመት ብቻ አይቶ መፍረድም አይበቃም። የማለፍ ምጣኔው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ቢያድግም ያለፉት ልጆች ቁጥር ግን ከ29,909 ወደ 48,929 ነው ያደገው፤ ሁለት እጥፍ እንኳ አልሞላም። ምክንያቱ የተፈታኞቹ ቁጥር ከ896 ሺህ በላይ ከነበረበት ወደ 586 ሺህ ገደማ መውረዱ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ብዕር ከማንሳቱ በፊት ሦስት ነገር ይመልከት፦ ዓምዱ የሚለካው በመቶኛ ነው ወይስ በቁጥር? ዘመኑ ከመቼ እስከ መቼ ነው? መለኪያው ከዜሮ ይጀምራል? ከዜሮ ካልጀመረ ትንሹ ልዩነት ትልቅ መስሎ ይታያል።

“ቢኮዝ” ሲበዛ

ሌላው የተለመደ ስህተት ምክንያት መጨመር ነው። ከላይ ያለውን ግራፍ የተሰጠው ልጅ “ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን ስለጀመሩ ኩረጃ ቀረ” ብሎ ቢጽፍ፣ ሐሳቡ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግራፉ ላይ ግን የለም። በዚህ ጥያቄ አስተያየትም፣ ምክርም፣ ምክንያትም አይፈለግም። በመልሱ ውስጥ “ቢኮዝ” ሲደጋገም ልጁ ከሥዕሉ ወጥቶ ሄዷል ማለት ነው። አስተያየት የሚጠየቀው በሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከአያት የተሻለ አስተማሪ የለም። የቡና ገበሬ ቡናው አንድ ዓመት አብዝቶ ካፈራ በቀጣዩ ሊያርፍ እንደሚችል ያውቃል። የአራት ዓመት ምርቱ በዓምድ ቢሣል አንዱ ረዘም ሌላው አጠር ይላል። አያት ዓምዱን አይተው “ዛፉ ደክሞት ነው” ይላሉ፤ ልክ ናቸው። የልጁ ሥራ ግን የትኛው ዓመት ስንት ፈረሱላ እንደሰጠና በስንት እንደሚበላለጥ ብቻ መናገር ነው። ለእርሻ ሥራ ምክንያቱ ይበልጣል፤ ለፈተናው የሚበቃው የታየው ነው።

ባር ግራፍ ራሱ የተሠራው ለማነጻጸር ነው። እ.ኤ.አ. በ1786 ዊሊያም ፕሌይፌር የተባለ ስኮትላንዳዊ አገሩ ከ17 አገሮች ጋር ያደረገችውን ንግድ በዓምዶች ሣለ። የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ስለነበረው በጊዜ ሂደት ለውጡን በመስመር ማሳየት አልቻለም፤ አገሮቹን ጎን ለጎን አቁሞ አስተያያቸው።

በቤት ውስጥ የሚሠራ ልምምድ

ለዚህ ገንዘብም ኢንተርኔትም አያስፈልግም። የቤቱን የሦስት ወይም የአራት ዓመት ምርት በፈረሱላ ይንገሩትና ልጁ ዓምድ አድርጎ ይሣለው። በመጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለአያቱ ይግለጽ። አያት ወረቀቱን ሳያዩ የትኛው ዓመት እንደበለጠና በስንት እንደበለጠ መልሰው መናገር ከቻሉ ገለጻው ተሳክቷል። ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ፣ ሰዓት ተይዞ በ20 ደቂቃ ይጻፍ። ያለፈ ዘመን ከሆነ ግሱ በኃላፊ ጊዜ መሆኑን፣ ቃላቱም ከ150 አለማነሳቸውን ራሱ ይቁጠር። በመጨረሻ የእንግሊዝኛ መምህሩ እንዲያዩለት ይውሰደው።

እንግሊዝኛ የማይናገር ወላጅ “እኔ ምን ልረዳው?” ማለት የለበትም። ልጁ ሲያስረዳ ማዳመጥ፣ ያልገባዎትን “ከየትኛው ይበልጣል? በስንት?” ብሎ መጠየቅ ራሱ ትልቅ እገዛ ነው። ፈታኙም ከወረቀቱ ላይ የሚፈልገው የእነዚህኑ ጥያቄዎች መልስ ነው።