ግማሹ አየር፣ ቀሪው ስኳርና ክሬም

ሁለት ትናንሽ የቫኒላ አይስክሬም ኩባያዎች ጎን ለጎን ይቀመጡ። የሚይዙት መጠን እኩል ነው፤ እያንዳንዳቸው 118 ሚሊ ሊትር ገደማ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ይዘት መዝገብ እንደሚያሳየው ግን ተራው ቫኒላ በዚህ መጠን 66 ግራም ይመዝናል፤ 137 ካሎሪም አለው። ክሬም የበዛበት ውዱ ዓይነት ደግሞ 107 ግራም ነው፤ ካሎሪው 266 ይደርሳል። ለዓይን አንድ ከሆኑት ኩባያዎች አንደኛው የሌላውን እጥፍ ለመሆን ምንም አልቀረውም።

ምስጢሩ አየር ነው። የወተቱ፣ የክሬሙና የስኳሩ ቅልቅል እየቀዘቀዘ ይመታል፤ ሲመታም አየር ይገባበታል። አየር ባይገባበት ማንኪያ የማይደፍረው በረዶ በሆነ ነበር። ስለዚህ አየር መኖሩ ማጭበርበር አይደለም፤ ነገሩ መጠኑ ላይ ነው። የአሜሪካ ሕግ «አይስክሬም» ተብሎ የሚሸጥ ምርት ቢያንስ 10 በመቶ የወተት ስብ እንዲኖረውና አንድ ሊትሩ ከ540 ግራም ገደማ እንዳያንስ ያዛል። አየር ያልገባበት ቅልቅል በሊትር ከአንድ ኪሎ ትንሽ ስለሚበልጥ፣ ሕጉ ከኩባያው ግማሽ ያህሉን አየር አድርጎ መሸጥን ፈቅዷል ማለት ነው። የውዱ ዓይነት አምራቾች አየሩን ይቀንሳሉ። አይስክሬማቸው አፍ ላይ ወፈር የሚለው፣ ካሎሪውም የሚከብደው በዋናነት ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ የመለኪያ ጣጣ አለ። አውሮፓ ውስጥ አይስክሬም ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በሚሊ ሊትር ሲሆን፣ የይዘት ሠንጠረዡ አንዳንዴ በ100 ሚሊ ሊትር፣ አንዳንዴም በ100 ግራም ይጻፋል። በሚሊ ሊትር ሲጻፍ አየሩም አብሮ ስለሚቆጠር ቁጥሩ በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል። ይህን ያላስተዋለ ሰው አይስክሬሙን በግራም ከተጻፈ ብስኩት ጋር አወዳድሮ ተደስቶ ይሄዳል። እኔ ማሸጊያው ላይ መጀመሪያ የምፈልገው ግራሙን ነው።

ከአየሩ በቀር ምን አለ? በ100 ግራም ተራ ቫኒላ ውስጥ 207 ካሎሪ፣ 11 ግራም ስብ፣ 21 ግራም ስኳር፣ 3.5 ግራም ፕሮቲንና 128 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይገኛል። ከስቡ ወደ 7 ግራም የሚጠጋው ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው፣ እንደ ቅቤ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ዓይነት ነው። ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ክሬሙ ካልወጣለት ወተት ጋር ይስተካከላል፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይበልጣል። ልጇ ወተት አልጠጣም ሲላት በአይስክሬም የምትሸነግል እናት እንግዲህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ችግሩ 100 ግራም ወተት 61 ካሎሪ ብቻ ያለው መሆኑ ነው፤ ያንኑ ካልሲየም በሦስት እጥፍ ገደማ ካሎሪ ትገዛዋለች።

ከ21 ግራሙ ስኳር አምስት ስድስት ግራሙ ከወተቱ የመጣ ላክቶስ ነው፤ የቀረው በሰው እጅ የተጨመረ። ይህን ያህል የሚጨመረው ሁለት ሥራ ስላለው ነው። አንደኛ፣ ቅዝቃዜ የምላስን ጣፋጭ የመለየት አቅም ያደክማል። ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ የቀለጠ አይስክሬም የቀመሰ ያውቀዋል፤ ቅድም ልክ የነበረው ጣዕም ሞቅ ሲል ያንገፈግፋል፤ ኩባያውም ጎድሎ ይገኛል፣ አየሩ ወጥቷልና። ሁለተኛ፣ ስኳር የቅልቅሉ ውሃ በሙሉ እንዳይረጋ ይከላከላል። የቤት ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሆኖ እንኳ ማንኪያ የሚገባው ስለዚህ ነው። ስኳሩን ዝም ብሎ የቀነሰ አምራች የሚሸጠው ድንጋይ ይሆናል፤ በምትኩ እንደ ኤሪትሪቶል ያለ ካሎሪ የለሽ ሊባል የሚችል ማጣፈጫ ማስገባት ግድ ይለዋል።

በቸኮሌት ወደተለበጠው ባለ እንጨቱ ስንመጣ ሒሳቡ ይለወጣል። የልባጡ ታሪክ ከአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት፣ ከኦናዋ ይጀምራል። በ1920 ክርስቲያን ኔልሰን የሚባል ባለሱቅ አንድ ልጅ ቸኮሌት ይግዛ አይስክሬም መወሰን አቅቶት ሲያመነታ አይቶ ሁለቱን አንድ ላይ ለማድረግ ተነሣ። ቸኮሌቱ ግን በቀዝቃዛው ላይ አልይዝ አለው። መፍትሔ የሆነው የካካዎ ቅቤ መጨመር ነበር፤ በ1922 ፓተንት አወጣበትና «ኤስኪሞ ፓይ» ተብሎ ገበያውን አጥለቀለቀው። ዛሬ በብዙዎቹ ልባጦች ውስጥ የኮኮናት ዘይት አለ፤ ቶሎ ይረጋል፣ ሲነከስም ይሰበራል። ከዘይቱ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሳቹሬትድ ፋት ነው። ቸኮሌት ራሱ በ100 ግራም ከ500 ካሎሪ ስለሚያልፍ፣ ስስ የምትመስለው ልባጥ ብቻዋን መላውን ቁጥር ታስፈነጥረዋለች።

አይስክሬም ለአንድ ሰው ተለክቶ በወረቀት ኩባያ መሸጥ የጀመረው በዚያው ዘመን ነው፤ የዲክሲ ኩባያ በ1923 ከእንጨት ማንኪያ ጋር ወጣ። መለኪያውን ሕግ የያዘው ግን ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 ባወጣው ደንብ የአንድ ሰው ድርሻን ከግማሽ ኩባያ ወደ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ አሳደገው። ብዙዎች ይህን «ይህን ያህል ብሉ» የሚል ምክር አድርገው ወሰዱት። አይደለም፤ ሕጉ ራሱ የሚያዘው ሰዎች በእርግጥ የሚበሉት እንዲጻፍ ነው፣ መብላት ያለባቸው አይደለም። ከድርሻው እጥፍ በታች የሆነ ማሸጊያም ሙሉው እንደ አንድ ድርሻ ይቆጠራል። አምራቹ ትንሿን ኩባያ «ለሁለት ሰው» ብሎ ካሎሪውን በግማሽ ሊጽፍ አይችልም። እኔ ለትንሿ ኩባያ የማደላው በዚህ ነው፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውና ሆድ የገባው አንድ ናቸው።

እስራኤል በሌላ መንገድ ሄዳለች። ከ2020 ጀምሮ ስኳር፣ ሶዲየም ወይም ሳቹሬትድ ፋት የበዛበት የታሸገ ምግብ ቀይ ምልክት ይለጠፍበታል፤ በ2021 ወሰኑ ጠብቆ ለጠጣር ምግብ በ100 ግራም ስኳር 10፣ ሳቹሬትድ ፋት 4 ግራም ሆኗል። ከላይ ያየነው ቫኒላ ሁለቱንም ያልፋል። ምልክቱ ሥዕልም ስላለው እዚያ ለሚኖሩና ዕብራይስጥ ማንበብ ለሚቸግራቸው የእኛ እናቶችና አባቶች ከቁጥር ሠንጠረዥ ይሻላል። ግን የሚለካው በ100 ግራም ስለሆነ ትንሿንም ኩባያ ትልቁንም ዕቃ እኩል ያቀላቸዋል።

በጾም ወተት የሌለበትን የሚመርጥ ሰውም ማሸጊያውን ማገላበጥ አለበት። በኮኮናት ወተት የተሠራው ከእንስሳ ነፃ ቢሆንም ሳቹሬትድ ፋቱ ከወተቱ አይስክሬም ላያንስ ይችላል። ከፍራፍሬ፣ ከውሃና ከስኳር የሚሠራው ሶርቤ ስብ የለበትም ማለት ይቻላል፤ ስኳሩ ግን ብዙ ጊዜ ከቫኒላው አይተናነስም፣ ካልሲየሙም አብሮ ይቀራል።