ከውጫሌ ውል እስከ ስኮላርሺፕ ደብዳቤ፦ «ይቻላል» ሲባል «ይከፈላል» ማለት ነው እንዴ?

ከደሴ ተነስታችሁ በሐይቅ በኩል ወደ ወልዲያ ስትጓዙ ውጫሌን ታገኛላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለ ቦታ፣ ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ውል ተዋዋሉ። ጣጣው የመጣው ከ17ኛው አንቀጽ ነው። የአማርኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ ብትፈልግ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ትችላለች ይላል። ኢጣሊያ ግን የራሷን ቅጂ ይዛ «ግዴታ ነው» አለች። በ«ይቻላል» እና በ«ግዴታ» መካከል ያለው ልዩነት በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጦር አማዘዘ።

«ታዲያ ይሄ ለፊዚክስ ተማሪ ምኑ ነው?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን በፊዚክስ ይዛችሁ ውጭ አገር ስታመለክቱ፣ አንድ ቀን «ተቀብለናችኋል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ቤት ውስጥ እልልታ ይሆናል፣ ቡና ይፈላል። ነገር ግን ተቀባይነት ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ለየቅል ናቸው። «ለድጋፍ ልትታሰቡ ትችላላችሁ» የሚለውን «ድጋፍ ተሰጥቷችኋል» ብሎ ያነበበ ሰው፣ ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ ሊከት ይችላል።

መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እንይ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ የኢንጂነሪንግና የባዮሎጂ ተማሪዎች ጀማሪ ፊዚክስ ይወስዳሉ። ላብራቶሪ የሚያሠራቸውና ፈተና የሚያርምላቸው ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የፒኤችዲ ተማሪዎች በረዳት አስተማሪነት ይሠሩታል፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት። በምላሹ የትምህርት ክፍያ ይቀርላቸዋል፣ ለኑሮም አበል ያገኛሉ። ቆየት ብለው ደግሞ አንድ ፕሮፌሰር ባገኘው የምርምር ገንዘብ ረዳት ተመራማሪ ይሆናሉ። ስለዚህ ገንዘቡ ምጽዋት ሳይሆን የሥራ ዋጋ ነው። ብዙዎቹ የፒኤችዲ ፕሮግራሞች በመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይቀበላሉ። ለብቻው የሚሰጥ ማስተርስ ግን እዚያ አገር እንዲህ ያለ ድጋፍ እምብዛም የለውም።

አውሮፓ ሌላ ነው። ፒኤችዲ በብዙ አገሮች ደሞዝ ያለው ሥራ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ይጠይቃል። ለማስተርሱ እንደ ኢራስመስ ሙንዱስ ያሉ ስኮላርሺፖች አሉ። ከዚህም ሌላ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1964 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል፣ በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል። ጉዞውንና ኑሮውን የሚሸፍነው ማዕከሉ ነው። የት ነው ያለው? ትሪየስቴ፣ እዚያችው ኢጣሊያ ውስጥ! ከአፍሪካ ሳትወጡም፣ ሩዋንዳን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ቅርንጫፎች ያሉት የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ለማስተርስ ስኮላርሺፕ አለው።

ለማመልከት ትራንስክሪፕት፣ ብዙ ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤዎች፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትና ለምን መማር እንደምትፈልጉ የሚገልጽ ጽሑፍ ያስፈልጋል። የድጋፍ ደብዳቤውን የሚጽፍላችሁ መምህር ከስማችሁ አልፎ ሥራችሁን የሚያውቅ ይሁን፤ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ያማከረ ቢሆን ጥሩ ነው። የማመልከቻ ክፍያ ከከበዳችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት «ክፍያው ይቅርልኝ» ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ሥርዓት አላቸው፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ደግሞ እንደ ፊዚክስ ጥያቄ አንብቡት። «24,000 ዶላር» የሚል ብታዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው «አሃዱስ?» ነው። በዓመት ነው ወይስ ለሁለት ዓመት? በዓመት ነው እንበል፤ በወር 2,000 ይደርሳል። ለጤና መድህንና ለልዩ ልዩ ክፍያዎች በዓመት 3,000 ቢቆረጥ በወር 1,750 ይቀራል። የቤት ኪራይ 1,000 ከሆነ፣ ለምግብና ለትራንስፖርት የሚተርፈው 750 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ ስሌቱን ግን በምትሄዱበት ከተማ ኪራይ ራሳችሁ ሥሩት።

ከዚያ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ ጻፉ፦

1. የትምህርት ክፍያው ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል ወይስ በከፊል?
2. አበሉ ለስንት ወር ነው? ክረምትንስ ይጨምራል?
3. ድጋፉ ለስንት ዓመት ቃል ተገብቶበታል? የሚቀጥለውስ ምን ሲሟላ ነው?
4. የጤና መድህንና የመመዝገቢያ ክፍያ በማን ነው?

«ጥያቄ ባበዛ ዕድሌን ይነጥቁኝ ይሆን?» ብላችሁ አትስጉ። ትምህርት ክፍሎቹ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምደውታል። ደግሞም አትቸኩሉ፤ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በፈረሙት ስምምነት መሠረት፣ ለመስከረም ትምህርት የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7 ድረስ፣ መልስ እንዲሰጥ አይገደድም።

የውጫሌው ውል በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ሁለት ትርጉም ወጣው። የእናንተ ደብዳቤ በአንድ ቋንቋ ቢጻፍም ሁለት ትርጉም ሊሰጥ ይችላል። «ይቻላል» የሚል ቃል ባገኛችሁበት ቦታ ሁሉ አስምሩበት፣ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ከዚያ በኋላ ፈርሙ፤ ቡናውም ያኔ ይፈላል።