ጸያፍ የሚባለው የትኛው መጽሐፍ ነው?

አንዳንድ ባለትዳሮች ስለ ጾታዊ ግንኙነት የሚያስተምር መንፈሳዊ መጽሐፍ ሲገዙ ሽፋኑን በጋዜጣ ይጠቀልሉታል። ሻጩም አብሯቸው አንገቱን ይደፋል። ቢያፍሩም መጽሐፉ ፍርድ ቤት ያቆመናል ብለው ግን አይሰጉም። ከ150 ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር ቢሆን ኖሮ ስጋቱ በከንቱ አልነበረም።

ውድ አንባቢ፣ ታሪኩ የሚነሣው ከእኛው ወገን ነው። ሄንሪ ስኮት የሚባል ፕሮቴስታንት በዎልቨርሃምፕተን ከተማ የብረታ ብረት ነጋዴ ነበር። የካቶሊክ ካህናት በኑዛዜ ጊዜ ለሴቶች ያቀርቧቸዋል የተባሉትን ጥያቄዎች የሚያጋልጥ አነስተኛ መጽሐፍ በገዛበት ዋጋ፣ ያለ ትርፍ ይሸጥ ነበር። እሱ ዘንድ የተገኙት 252 ቅጂዎች ተይዘው እንዲወድሙ ታዘዘ። ስኮት ይግባኝ ሲል አንድ ዳኛ፣ “ሰውየው ለእምነቱ ተከራከረ እንጂ ሰው ለማበላሸት አላሰበም” በሚል ሐሳብ ትእዛዙን ሻሩለት። ነገሩ ግን ወደ ላይኛው ችሎት ወጣና በ1868 እ.ኤ.አ. ዋና ዳኛው አሌክሳንደር ኮክበርን ፈረዱበት። ሚዛናቸው ይህ ነበር፦ ጽሑፉ ለክፉ ነገር ልባቸው ክፍት የሆነና በእጃቸው ሊገባ የሚችል ሰዎችን የማበላሸት ዝንባሌ አለውን? ካለው፣ የሻጩ በጎ ዓላማ አያድነውም።

ብልግና ይታገድ ሲባል “አሜን” ለማለት እንቸኩላለን። ያ ሚዛን ግን መጀመሪያ የወደቀው በአንድ ቀናተኛ አማኝ ላይ ነው። ኋላ የመጡ ችሎቶችም ከመጽሐፍ መካከል ጥቂት ገጾችን እየመዘዙ፣ በደካማው አንባቢ ልክ እየለኩ ይፈርዱ ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1877 እ.ኤ.አ.፣ ሚዛኑ ባልና ሚስትን የሚመለከት ጽሑፍ ላይ ዐረፈ። ከአንግሊካን ካህን ባሏ ተለይታ የምትኖረው አኒ ቤዛንትና ቻርልስ ብራድሎ፣ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ስለ ወሊድ መከላከያ የጻፈውን መጽሐፍ አሳትመው በርካሽ ሸጡ። ሁለቱም እግዚአብሔር የለም የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ የያዙት ርእስ ግን ዛሬ በጤና ጣቢያ በግልጽ የሚነገር ነው። ችሎቱን የመሩት እነዚያው ኮክበርን ናቸው። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች መጽሐፉ ምግባር ያበላሻል፣ ተከሳሾቹ ግን ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም አሉ። ይህም እንደ ጥፋተኝነት ተቆጠረና የስድስት ወር እስራትና የ200 ፓውንድ መቀጫ ተፈረደባቸው። በ1878 ፍርዱ በይግባኝ ተሻረ፤ ምክንያቱ ጸያፍ የተባሉት ቃላት በክሱ ወረቀት ላይ አለመጻፋቸው ነበር። አኒ ከእስር ብታመልጥም በዚያው ዓመት ልጇን የማሳደግ መብቷን አጣች። ለእናት ከዚህ የሚከብድ ቅጣት አለ?

ሕጉ የተሻሻለው በ1959 ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመዘነው መጽሐፉ በሙሉ፣ ሊያነቡት በሚችሉት ሰዎች ዓይን ሆነ። ለሥነ ጽሑፍ፣ ለሳይንስ ወይም ለትምህርት የሚጠቅም ከሆነ ባለሙያ መጥቶ ሊመሰክር ይችላል። በ1960 ፔንጉዊን የተባለው አሳታሚ በዲ. ኤች. ሎረንስ ልቦለድ ምክንያት ሲከሰስ ዐቃቤ ሕጉ ፈራጆቹን፣ “ሚስታችሁ ወይም አገልጋያችሁ ይህን ቢያነብ ትወዳላችሁን?” የሚል ጥያቄ አቀረቡላቸው። ከ12ቱ ፈራጆች ሦስቱ ሴቶች ነበሩ! የዉሊጅ ጳጳስ ጆን ሮቢንሰን ለመጽሐፉ ቆመው ሲመሰክሩ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ በአደባባይ ገሠጿቸው። አሳታሚው ነጻ ወጣ። መጽሐፉ ስለ ምንዝር የሚተርክ ስለሆነ፣ ለእኔ ቢሆን ለሙሽሮች የምሰጠው አይደለም። ሆኖም ለሙሽራ አለመስጠትና አሳታሚን ማሰር ለየቅል ናቸው።

በአገራችንስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 640 ጸያፍ ጽሑፍና ሥዕል መሥራትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥንና ማሰራጨትን ይቀጣል። የሩካቤ ስሜት ለማነሣሣት ያልታሰቡ የጥበብ፣ የሥነ ጽሑፍና የሳይንስ ሥራዎችን ግን እንደ ጸያፍ አይቆጥርም። ለስኮት ያልጠቀመው የዓላማ ጥያቄ በእኛ ሕግ ውስጥ ቦታ አለው ማለት ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ጉዳይ ለብቻው ስለ ተደነገገ፣ ባልና ሚስት በጋዜጣ ጠቅልለው የገዙትን መጽሐፍ የሚያስቀምጡበትን መደርደሪያ ከፍ ቢያደርጉት ይሻላል።