ፕላኑ ከአሜሪካ፣ ምጣዱ ከአዲ አርቃይ!

ሰው በቤት ፕላን ይጣላል ቢሉኝ አላምንም ነበር። በቀደም ከጎንደር ተነስቼ፣ ደባርቅን አልፌ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ «ማርያም ማርያም» እያልኩ ወርጄ አዲ አርቃይ ስደርስ ግን ጉዱን በዓይኔ አየሁት። ሊጋቡ ሦስት ወር የቀራቸው እጮኛሞች ተኳርፈዋል። ምክንያቱ ሌላ ሴት እንዳይመስላችሁ፤ ወረቀት ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያለው የልጁ አጎት ለሠርጉ ስጦታ ብሎ አርክቴክት የነደፈው የቤት ፕላን ገዝቶ ላከ፤ «ክራፍትስማን» የሚሉት ዓይነት። ልጅቷ ፕላኑን አገላብጣ አየችና አንድ ነገር ጠየቀች፤ «እንጀራ የምጋግረው የት ነው?» ማድ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር አንድ ነዋ! ግድግዳ እንኳ አይለየውም።

«የኤሌክትሪክ ምጣድ እገዛልሻለሁ» አላት።

«መብራት በሄደ ቀንስ?»

«አንቺ ዘመናዊ ነገር አይገባሽም!» በቃ፣ ኩርፊያው ተጀመረ። ለእኔ ስታጫውተኝ ግን ያንገበገባት ጭሱ አልነበረም። «የምኖርበት ቤት ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም» አለችኝ።

ግንበኛው ደግሞ ሌላ ጉድ ጨመረ። ሳሎኑ ላይ «16 በ14» የሚል ስላየ በሜትር ቆጥሮ ድንጋይና ሲሚንቶ አሰላ። የሠርግ ድንኳን የሚያህል ሳሎን! ልጁ ሒሳቡን ሲሰማ ላብ በላብ ሆነ። ቁጥሩ ለካ በጫማ ኖሯል። አንዱ ጫማ 30 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ስለሆነ 16ቱ 5 ሜትር እንኳ አይሞላም።

እኔ 12ኛ ክፍል የጨረስኩ እንጂ አርክቴክት አይደለሁም፤ ቢሆንም ነገሩን አጣራሁ። ክራፍትስማን ማለት የእጅ ባለሙያ ነው። ስሙን የሰጠው ጉስታቭ ስቲክሊ የተባለ አሜሪካዊ የቤት ዕቃ ሠሪ በ1901 እ.ኤ.አ. የጀመረው መጽሔት ነው፤ መጽሔቱ የቤት ፕላን ያወጣ ነበር። ሐሳባቸው ምን መሰላችሁ? የፋብሪካ ጌጥ ይቅር፣ ቤት በአካባቢው ድንጋይና እንጨት ይሠራ፣ የእንጨቱ ሥራ አይደበቅ፣ በረንዳው ይስፋ፣ ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ያጥላ፣ መቀመጫው ከግድግዳው ጋር አብሮ ይሠራ።

ይህን ለልጁ አባት ባነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «ልጄ፣ ይኸ መደብ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው! እኛ «የገጠር ቤት» ብለን ያፈርንበትን መደብ ሰው በዶላር ገዝቶ ላከልን።

ስለዚህ ፕላኑን ቅደዱት አልልም። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀን ሙቀት ቶሎ አያስገባም፤ ወጣ ያለ ጣሪያ ግድግዳውን ከዝናብ ይጠብቃል። ሳሎኑ መሃል የተሳለው የእሳት ምድጃ ግን የብርድ አገር ነገር ነው። ደባርቅ ቢሆን እሺ፤ ሊማሊሞን ወርዶ እሳት መሞቅ ምን ይባላል? ለእሱ የሚወጣው ድንጋይና ብር ጓሮ ውስጥ ጭስ ማውጫ ያለው ማድ ቤት ይሠራል።

ምክሬን ከፈለጋችሁ፣ እንዲህ ያለ ፕላን ሲደርሳችሁ ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት ለአገራችን ባለሙያ ስጡት፤ ወደ ሜትር ይለውጠው፣ ከቦታችሁ ጋር ያስተያየው። ስትሄዱም ሁለታችሁ ሂዱ። እሱ ብቻውን ሄዶ «ጨርሼዋለሁ» እንዳይላት!

እጮኛሞቹ ባለፈው ሳምንት አብረው ጎንደር ወጥተው ነበር። ማድ ቤቱ ወደ ጓሮ ሄዷል፣ መደቡ ሳሎን ገብቷል። ልጁ የምድጃውን ነገር ግን እስካሁን አልተወም። ለፎቶ ነው አሉ።