የአሮጌ ሞርሳ እድሳት

ሞርሳ በሥራ ጠረጴዛ ላይ ተተክሎ የሚሞረደውን፣ የሚቆረጠውን ወይም የሚበሳውን ብረት አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ ነው። አካሉ ካስት አይረን ከሚባለው፣ ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ብረት ይሠራል። ቋሚው መንጋጋ በቡሎን ከጠረጴዛው ጋር ይታሰራል፤ ተንቀሳቃሹን መንጋጋ ደግሞ በውስጡ የሚያልፍ ባለጥርስ ዘንግ እያቀረበ ያራርቀዋል። የዘንጉ ጥርስ የሚነክሰው ዳዶ በቋሚው አካል ሆድ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል። ዕቃውን በቀጥታ የሚነኩት በመንጋጋዎቹ ፊት ላይ በቪቴ የታሰሩ ሁለት ጠንካራ ብረቶች ናቸው። እነዚህ ሲያረጁ እንዲለወጡ ታስቦ ለብቻቸው ተሠርተዋል።

ጉልበቱ የሚመጣው ከዘንጉ ነው። ዘንጉ አንድ ዙር ሲዞር 6 ሚሊሜትር ወደፊት ይሄዳል፣ እጀታውም ከመሐል እስከ ጫፍ 25 ሴንቲሜትር ነው እንበል። በእጀታው ጫፍ የሚያርፈው የ20 ኪሎ ግፊት በስሌት ከ250 ጊዜ በላይ ይባዛል። ሰበቃ አብዛኛውን ቢበላውም መንጋጋዎቹ መሐል አንድ ቶን ያህል ይተርፋል። እጀታው ላይ ቱቦ ሰክቶ ማጥበቅ ሞርሳን የሚሰብረው ስለዚህ ነው። የእጀታው ርዝመት የተለካው አካሉ የሚችለውን ያህል ብቻ እንዲጠብቅ ነውና።

በሰሜን ሸዋ የብረት ሥራ ከሞርሳ እጅግ ይቀድማል። ቀጥቃጩ ወናፉን፣ መስፉንና ጉጠቱን ይዞ ማረሻና ማጭድ ሲሠራ ኖሯል። ጉጠት የጋለ ብረት ለመያዝ ወደር የለውም፤ ቀዝቃዛ ብረትን በሞረድ አስተካክሎ ለማለስለስ ግን ሁለቱንም እጅ ነጻ የሚያደርግ መያዣ ያስፈልጋል። የአውሮፓውያን ዓይነት የእጅ ሥራ ወደ አካባቢው የገባበት አንዱ በር አንኮበር ነበረች። የስዊስ መሐንዲሱ አልፍሬድ ኢልግ ከሁለት ባለሙያዎች ጋር በ1871 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ምኒልክ የመጣው እዚያ ነው። ሞርሳን የብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ መምህር ያደረጉት ግን በኋላ የተከፈቱት የሙያ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ከእነዚህም የአዲስ አበባው ተግባረ ዕድና በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ይጠቀሳሉ። ለብረት ሥራ ተማሪ ሞርሳ ፊት ቆሞ አንድ ቁራጭ ብረት እስኪስተካከል ድረስ መሞረድ የተለመደ መጀመሪያ ነው።

ዛሬ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ ወይም በዓለም ከተማ ብየዳ ቤት ለሚከፍት ሰው ከአዲስ ቀላል ሞርሳ ይልቅ ከባድ አሮጌ መግዛት ይሻለዋል። እንዲህ ያለው ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት መሐል ሊገኝ ይችላል። ዝገቱ ገዢን ሊያስፈራ አይገባም፤ የሚያስፈራው ስንጥቅ ነው። ካስት አይረን ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን ይዟል። ከዚህ ካርቦን አብዛኛው በብረቱ ውስጥ እንደ ቅጠል ተበትኖ ይገኛል። ስለዚህ ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ወይም ሲመቱት ግን ደካማ ነው፤ ሳይጎብጥ በድንገት ይሰበራል። ስንጥቁን ለማግኘት አካሉን በላምባ አርሶ በጨርቅ በደንብ ማድረቅና ጠመኔ መነስነስ ይበቃል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ቀስ ብሎ ይወጣና በነጩ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሥላል። በተለይ የተንቀሳቃሹ መንጋጋ አንገትና የቡሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ መታየት አለባቸው።

ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ዘንጉ ከዳዶው እስኪላቀቅ ከተፈታ በኋላ ተስቦ ይወጣል። የሚያስቸግሩት የፊት ብረቶቹ ቪቴዎች ናቸው። የሞተር ዘይትና ላምባ ደባልቆ ጠብ እያደረጉ ቀናት መታገሥ፣ ከዚያም ዙሪያውን ሞቅ አድርጎ መፍታት ይሻላል። በከባድ መዶሻ መደብደብ ቪቴውን ሳይሆን መንጋጋውን ይጎዳል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በላምባ ይለቃል። ትንንሾቹ ክፍሎች ኮምጣጤ ውስጥ ሊያድሩ ይችላሉ፤ ሲወጡ ግን አሲዱ እንዳይቀር በሶዳ ውኃ ታጥበው ወዲያው መድረቅ አለባቸው። ተንቀሳቃሹ መንጋጋ የሚንሸራተትበትን ገጽ በግራይንደር መንካት ትልቅ ጥፋት ነው። እዚያ የተላጠ ብረት አይመለስም፣ መንጋጋውም ለዘለዓለም ይወላገዳል።

ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ሲከፈት ዘንጉ ብቻውን እየወጣ መንጋጋው ባለበት ከቀረ፣ ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ሮንዴላ ወይም ኮፒሊያ ጠፍቷል ማለት ነው። ይህ በጥቂት ብር የሚስተካከል ጉድለት ነው። የዳዶው ጥርስ ከተበላ ግን ቶርኖ ቤት አዲስ ከነሐስ ማስወጣት ይገባል። ነሐሱ ከዘንጉ ስለሚለሰልስ ወደፊትም የሚበላው ውዱ ዘንግ ሳይሆን ዳዶው ይሆናል።

የፊት ብረቶቹን አገር ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው። ቁራጩ በከሰል እሳት እስኪቀላ ይሞቅና አመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል። ያኔ ይበሳል፣ ፊቱም በሞረድ ጫፍ አግድምና ሽቅብ እየተሰመረ እንዳይንሸራተት ይደረጋል። ከዚያ እንደገና እስኪቀላ ሞቆ ዘይት ውስጥ ይነከራል። በዚህ ጊዜ ብረቱ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን አንዱ ገጹ ይወለወልና በዝግታ ይሞቃል፤ የተወለወለው ገጽ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያም ሰማያዊ መሆን ሲጀምር ከእሳቱ ይወጣል። ቀጥቃጭ ቢላዋ የሚያጠነክርበት እውቀት ይኸው ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ይህን ከቀጥቃጩ ቢማር ብዙ ያተርፋል።

የተሰነጠቀ አካል በተራ የብየዳ ኤሌክትሮድ ሲበየድ የሚታየው ስፌት ያማረ ቢመስልም፣ ከአጠገቡ ያለው ብረት ድንገት ሞቆ ድንገት ስለሚቀዘቅዝ ይደርቅና እንደገና ይሰነጠቃል። መላ አካሉን በከሰል አሙቆ በነሐስ ማያያዝ፣ ከዚያም አመድ ውስጥ ማሳደር የተሻለ ነው። አንገቱ የተሰበረ ሞርሳ ግን ተጠግኖም ከባድ ሥራ ሊሰጠው አይገባም።

ቀለም የሚቀባው የውጭ አካሉ ብቻ ነው። ዘንጉና ዳዶው ግሪስ፣ መንሸራተቻው ቀጭን ዘይት ይፈልጋሉ። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው የሰሜን ሸዋ መንዝ ደጋ የሐምሌና የነሐሴ ጉም ቤት ድረስ ስለሚገባ፣ በክረምት ሥራ ሲያበቃ ባዶ ብረቱን ሁሉ ዘይት በነካ ጨርቅ ማበስ የግድ ነው። ሞርሳው የሚተከለው በወፍራም ጣውላ ላይ፣ የመንጋጋው አናት በሠራተኛው ክርን ልክ እንዲሆን ተደርጎ ነው። ረጅም ብረት ቁልቁል መያዝ እንዲቻል ደግሞ የቋሚው መንጋጋ ፊት ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ይላል። በመጨረሻ በመንጋጋዎቹ በግራና በቀኝ ጫፍ አንዳንድ ቁራጭ ወረቀት ገብቶ ይጠበቃል። ሁለቱም ሲሳቡ እኩል እምቢ ካሉ መንጋጋዎቹ ትይዩ ናቸው፤ አንዱ ከላላ የፊት ብረቱ ወጥቶ ከጀርባው የቀረ ዝገት ካለ ይጠረጋል፣ ተመልሶ ይታሰራል፣ ወረቀቱም እንደገና ይሞከራል።