«አሸነፍኩ» ለማለት ትክክለኛው የእንግሊዝኛ ቃል የትኛው ነው?

አማርኛችን «አሸነፈ» የሚለውን አንድ ቃል ብዙ ሥራ ያሠራዋል። ሯጭ ውድድሩን ያሸንፋል፤ ተፎካካሪውንም ያሸንፋል። ባለጉዳይ በክርክር ያሸንፋል፤ ጦርም ጠላቱን ያሸንፋል። እንግሊዝኛ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ቃል አይገልጽም። በጅቡቲ ከተማም ሆነ በአሊ አዴና በሆል ሆል መጠለያዎች በየዕለቱ የሚሰማው ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ነው። እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመን ቅጽ ስንሞላ ወይም ለቃለ መጠይቅ ስንቀርብ ነው። በዚያ ቦታ ደግሞ አንድ ያለቦታው የገባ ቃል የምንናገረውን ታሪክ ሊያዛባው ይችላል።

1. «ዊን» ለነገር፣ «ቢት» ለሰው

ይህን ለማስረዳት ኢትዮጵያንና ጅቡቲን ያገናኘ አንድ ሩጫ እናስታውስ። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1988) በሆላንድ በተደረገው የሮተርዳም ማራቶን ኢትዮጵያዊው በላይነህ ዲንሳሞ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ጅቡቲያዊው አህመድ ሳላህ በ2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሁለተኛ ሆነ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 17 ሰከንድ ብቻ ነው።

በአማርኛ «በላይነህ ውድድሩን አሸነፈ»፣ «በላይነህ ሳላህን አሸነፈ» ብንል ሁለቱም ልክ ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን ውድድሩን ሲሆን «ዊን»፣ ሳላህን ሲሆን «ቢት» እንላለን። «ዊን» ከኋላው የሚያስከትለው ነገር ነው፦ ውድድር፣ ጨዋታ፣ ዋንጫ፣ ሽልማት፣ ምርጫ፣ ክስ። «ቢት» የሚያስከትለው ሰውን ወይም ቡድንን ነው። «አሸነፍኩት» የሚለውን ቃል በቀጥታ ገልብጠን «አይ ዋን ሂም» ብንል ሰሚው ሰውዬውን በዕጣ ያገኘነው ሊመስለው ይችላል።

«ዊን» ስላለፈ ጊዜ ሲነገር «ዋን» ይሆናል፤ አነጋገሩ «አንድ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቁጥር ጋር ፍጹም ተመሳሳይ ነው። «ቢት» ግን ላለፈ ጊዜም አይለወጥም።

በላይነህ በዚያ ቀን የዓለምን ክብረ ወሰንም አሻሽሏል፤ ክብረ ወሰኑ እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ድረስ ጸንቶ ቆይቷል። ለዚህ እንግሊዝኛው «ብሬክ» ይላል፤ ትርጉሙ «ሰበረ» ማለት ነው።

2. ሳያሸንፉ «ዋን»

በዚያው ዓመት በሴኡል ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ አልተካፈለችም። አህመድ ሳላህ ግን በማራቶን ሦስተኛ ወጥቶ ለጅቡቲ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳልያ አስገኘ። እኛ «ነሐስ አገኘ» እንላለን። እንግሊዝኛው ለዚህም «ዋን» ይላል፤ ያሸነፈው ውድድሩን ሳይሆን ሜዳልያውን ነውና። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ሜዳልያ ዋን» የሚል ስታነቡ ሰውዬው አንደኛ ወጥቷል ብላችሁ አትቸኩሉ።

3. «ዲፊት» እና ዓድዋ

«ዲፊት» ከ«ቢት» ከበድ ያለ ቃል ነው፤ ለጦርነትና ለታላላቅ ጉዳዮች ይስማማል። በ1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዓድዋ ጣልያንን «ዲፊትድ» ብንል ትክክል ነው። ነገር ግን ቃሉ ስም ሲሆን ትርጉሙ ሽንፈት ነው። በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ «የጣልያን ዲፊት» የሚል ብታገኙ የተሸነፈችው ጣልያን ናት ማለት ነው። «ድል» የሚለውን ስም የሚተካው «ቪክትሪ» ነው።

4. ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ቃላት

«ቢት» ሌላም ትርጉም አለው፤ መደብደብ ማለት ነው። በመሬት ክርክር የረታችሁን ጎረቤት «ሂ ቢት ሚ» ብትሉ ጠያቂው «ደበደበኝ» ብላችኋል ብሎ ይጽፋል። በሌላ ቀን «አልደበደበኝም» ስትሉ ቃላችሁ ተለዋወጠ ይባላል። ስለ ክርክር ሲሆን «እሱ ክሱን ዋን» ማለት ይሻላል።

የ«ዊን» ተቃራኒ «ሉዝ» ነው፤ ላለፈ ጊዜ «ሎስት» ይሆናል። «ጨዋታውን ሎስት» ማለት ተሸነፈ ማለት ነው። «ወንድሜን ሎስት» ማለት ግን ብዙውን ጊዜ «ወንድሜ ሞተብኝ» ተብሎ ይተረጎማል። በመንገድ ተለያይታችሁ ያለበትን የማታውቁት ወንድም ከሆነ «ሚሲንግ» በሉ። የጠፋ ሰው ይፈለጋል፤ ሞተ ተብሎ የተመዘገበን ሰው ግን የሚፈልግ የለም።

5. «ዊን» የማይባልባቸው

ደመወዝ፦ በፈረንሳይኛ «ጋኜ» የሚለው ቃል ማሸነፍም፣ ሠርቶ ማግኘትም ነው። እንግሊዝኛ ግን ለደመወዝ «ኧርን» ይላል። በከተማው ሠርታችሁ ያገኛችሁትን ፍራንክ «ዋን» ብትሉ በቁማር ያገኛችሁት ይመስላል።

ፈተና፦ ፈተና አይሸነፍም፤ «ፓስ» ይባላል።

ዲቪ፦ ብዙ ሰው «ዲቪ ደረሰኝ» ይል ነበር። የዕጣው ማስታወቂያ የሚጠቀምበት ቃል ግን «ሴሌክትድ»፣ ማለትም ተመረጠ የሚለው ነው። መመረጥ ቪዛ ማግኘት አይደለም። ይህን ልዩነት ሳያዩ «አሸነፍኩ» ብለው ንብረታቸውን የሚሸጡ ሰዎች ይጎዳሉ።

ፍርድ ቤት፦ አንድ ሰው በአገሩ ታስሮ በዋስ ወጣ እንበል። «ክሱን ዋን» ካለ ጉዳዩ በነፃ ተዘግቷል፣ ከእንግዲህ የሚያሰጋው የለም ማለት ይሆናል። ትክክለኛው «ሪሊስድ ኦን ቤይል» ነው። ክሱ ገና አልተዘጋም፤ ሥጋቱም አለ።

የስደተኝነት መታወቂያ፦ ጋዜጦች አንዳንድ ጊዜ «ጥገኝነት ዋን» ብለው ይጽፋሉ። በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ግን ቃሉ «ሪኮግናይዝድ»፣ ማለትም ታወቀለት የሚለው ነው፤ ወይም «ግራንትድ»፣ ተሰጠው። ልዩነቱ የአነጋገር ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የአሠራር መመሪያ እንደሚያስረዳው፣ ሰው ስደተኛ የሚሆነው መታወቂያ ስለተሰጠው አይደለም፤ ስደተኛ ስለሆነ ነው የሚታወቅለት። ቃለ መጠይቅ ስለዚህ ውድድር አይደለም። ማንንም አትረቱበትም፤ የደረሰባችሁን እንደ ደረሰ ትናገሩበታላችሁ።

እንግሊዝኛችሁ ለዚህ ካልበቃ አታፍሩ፤ አስተርጓሚ ጠይቁና በአማርኛ ተናገሩ። አስተርጓሚውን ካልተግባባችሁትም ወዲያውኑ አስታውቁ። የሰጣችሁት ቃል ተመልሶ ሲነበብላችሁ «ዋን»፣ «ቢት» ወይም «ሎስት» የሚል ካለ ምን ለማለት እንደተጻፈ ጠይቁ።

መልመጃ

ተስማሚውን የእንግሊዝኛ ቃል ምረጡ፦
ሀ. ጓደኛዬን በዳማ አሸነፍኩት።
ለ. ቡድናችን ዋንጫውን አሸነፈ።
ሐ. በወር ደመወዝ አገኛለሁ።
መ. ድንበር ስንሻገር እህቴ ጠፋችብኝ፤ የት እንዳለች አላውቅም።

መልስ፦ ሀ. ቢት፤ ለ. ዋን፤ ሐ. ኧርን፤ መ. ሚሲንግ።