ከፍሪዘር የወጣ ሳምቡሳ ለምን ዘይት ይጠጣል?

በረመዳን ሰሞን አመሻሽ ላይ መርካቶ፣ በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ያለፈ ሰው ሳምቡሳውን ሳያየው ሽታው ይደርሰዋል። በ2017ም ሆነ በ2018 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም የገቡት በአንድ ሳምንት ልዩነት ውስጥ ነበር። የምስር ሳምቡሳ ደግሞ ማንንም ጾመኛ አያስከፋም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ለመጠቅለል ጊዜ ያጣ ሰው የተጠቀለለውንና በረዶ የሆነውን በፌስታል ገዝቶ ፍሪዘር ውስጥ ይከታል። ታዲያ ያው ሳምቡሳ አንዱ ቤት ኩርሽም ኩርሽም እያለ፣ ሌላው ቤት ዘይት ጠጥቶ የሚልፈሰፈሰው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ ቂጣውን እንይ። ስስ ሊጦች በመሃላቸው ዘይትና ዱቄት ተደርጎ፣ ተደራርበው አንድ ላይ ይዳመጣሉ። ምጣድ ላይ ትንሽ ይነኩና ትኩስ ሳሉ አንድ በአንድ ይላቀቃሉ። ያቺ አጭር የምጣድ ቆይታ ትልቅ ሥራ ትሠራለች፤ ሊጡ በከፊል ስለሚበስል የውስጡን ርጥበት እንደ ጥሬ ሊጥ ቶሎ አይመጥም። ምስሩም ቢሆን ውሃው ሙጥጥ ብሎ፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው ገብቶበት፣ ቀዝቅዞ መጠቅለል አለበት። ትኩሱን የጠቀለለ ሰው እንፋሎቱንም አብሮ ጠቅልሎታል።

ቀጥሎ ፍሪዘሩ አለ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የበረዶው ቅንጣት ይተልቅና የምግቡን ሕዋሳት ይቀዳድዳል፤ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ግን ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሚሆን ጉዳቱ ይቀንሳል። አሜሪካዊው ክላረንስ በርድስአይ ይህን ያስተዋለው ካናዳ ላብራዶር ውስጥ፣ በዚያ ኃይለኛ ብርድ የወጣ ዓሣ ወዲያው በረዶ ሲሆን አይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፈጣን የማቀዝቀዣ ዘዴውን ወደ ንግድ ለወጠው። የቤት ፍሪዘር ያን ያህል ፍጥነት የለውም። ስለዚህ ቤት የተጠቀለለውን ክምር አድርጎ ከመክተት፣ ትሪ ላይ ዘርዝሮ ድርቅ ሲል ወደ ፌስታል ማዛወር ይሻላል።

እዚህ ላይ ምስር ባለውለታችን ነው። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ከሱፐርማርኬት የሚገዙትን በረዶ የሆነ የፖም ፓይ አስቡት። የፖም 85 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። በረዶው ሕዋሱን ቀዳዶታልና ፓይው ምድጃ ሲገባ ውሃው ይለቀቃል። ፋብሪካው ያንን ውሃ እንዲይዝለት ስታርች ይጨምራል፤ እንዲያም ሆኖ የታችኛው ቂጣ ብዙ ጊዜ ይረጥባል። በደንብ የበሰለ ምስር ግን የራሱ ስታርች ውሃውን ጨብጦ ይይዛል። ለፍሪዘር የሚሆን ምግብ ምረጥ ብባል፣ ከፍራፍሬ ፓይ ይልቅ የምስር ሳምቡሳን ያለማመንታት እመርጣለሁ።

ዋናው ጉዳይ መጥበሻው ላይ ነው። በ170 ወይም 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ዘይት ውስጥ የቂጣው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ያ አረፋ ሁሉ እሱ ነው። እንፋሎቱ እየወጣ ሳለ ዘይት መግቢያ አያገኝም። ዘይቱ ከቀዘቀዘ ግን ግፊቱ ይደክማል፣ ቂጣውም ሳይደርቅ ዘይት ውስጥ ይዘፈዘፋል። በረዶ ደግሞ ዘይትን እንደ ጉድ ያቀዘቅዛል፦ ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለን በረዶ ማቅለጥ ብቻውን፣ ያንኑ ያህል ውሃ ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ይወስዳል። አሥሩን ሳምቡሳ በአንዴ የጨመረ ሰው መጥበሻውን አጥፍቶታል ማለት ይቻላል። ሦስት ወይም አራት፣ እንደ መጥበሻው ስፋት፣ ይበቃል።

ለምን ቀድሞ አይቀልጥም ለምትሉ፦ ሲቀልጥ ቂጣው ላይ ውሃ ያቆራል፣ ይላላል፣ ይቀደዳል። ከፍሪዘር በቀጥታ ወደ ዘይት ነው። ምስሩ ቀድሞ ስለበሰለ መሞቅ ብቻ ይበቃዋል። ከወጣ በኋላም ጣጣው አላለቀም። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃነት ይመለስና ላዩ ላይ የቀረውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ እንደወጣ ወዲያው አራግፎ ወንፊት ላይ ማጥለል እንጂ ሳህን ላይ መቆለል አይበጅም።

የቀረው መብራት ነው። ሙሉ ፍሪዘር ካልተከፈተ መብራት ጠፍቶም እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላው 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሱቁ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደጠፋ ባታውቁም ፌስታሉ ይነግራችኋል። ከመክፈላችሁ በፊት ነቅነቅ አድርጉት። ሳምቡሳዎቹ ለየብቻ እንደ ጠጠር ከተንኳኩ ግዙ፤ ተጣብቀው አንድ ድንጋይ ከሆኑና ከፌስታሉ ውስጥ ወፍራም በረዶ ከታየ ግን ቀልጠው ዳግም በረዶ ሳይሆኑ አልቀሩምና፣ በተለይ የሥጋው ከሆነ፣ ይቅርባችሁ።